አያቴ ምላጭ የሚስሉበት ቆዳ

አያቴን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ አንድ ንግግራቸው ነው፦ «ቆዩ፣ ገና እየጠጣ ነው።»

ሞራ የሚጠጣው ምላጭ የሚስሉበት የበሬ ቆዳ ነበር። አሸተን ማርያም ሥር ባለችው መንደራችን የሐዘንተኛ ጢም በአርባው የሚላጨው በእሳቸው እጅ ነበር። ሰው እየጠበቀ እንኳ የቆዳውን ስንጥቅ በጅማት ሰፍተው፣ ሞራ ቀብተው፣ ምላጩን እያመላለሱበት ጆሯቸውን ጣል ያደርጉ ነበር።

«አባባ፣ መጥገቡን በምን ያውቃሉ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ዝም ሲል።»

የነገሩኝ ይኸው ብቻ ነው።

ትናንት የራሳቸው አርባ ነበር። ጢማችንን ያሳደግን ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። አንዱ ከጋሸና የፕላስቲክ ምላጭ ገዝቶ መጥቷል፤ ማንም አልነካውም። ቆዳውን ቤት ውስጥ ምሰሶው ላይ እንደተንጠለጠለ ደርቆ አገኘሁት። የሚቀባው በየትኛው ፊቱ እንደሆነ ስላላወቅሁ ሁለቱንም ሞራ ቀባሁት። የእሳቸውን ምላጭ ሳመላልስበት ይፋጫል። ደግሜ ቀባሁት፤ አሁንም ይፋጫል። ሞራው አንሶ ይሆን? በዝቶ ይሆን? ማንን ልጠይቅ?

«ደረሰ ወይ?» አለ አጎቴ ከውጭ።

«ቆዩ፣ ገና እየጠጣ ነው» አልኩ።

ግቢው በሙሉ ዝም አለ። ቆዳው ግን ዝም አላለም።