ለሒሳብ መምህሬ የሠራሁት ሳጥን

በዚያ ክረምት ያበሳጨኝን ሁሉ በተራ ልጻፍ ብል የምጀምረው ከሙጫ ነው። ሆሳዕና ውስጥ የእንጨት ኮላ ጠፍቶ ነበር። ባለሱቁ በሄድኩ ቁጥር «የሚቀጥለው መኪና ይዞት ይመጣል» ይለኛል። መኪናው ይመጣል፤ ጨው፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ ያወርዳል፤ ኮላ የለም። እኔ ደግሞ የነበረኝ ጊዜ አሥራ ስምንት ቀን ብቻ ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ የሒሳብ መምህሩ ወደ ሰሜን፣ ወደ ትውልድ አገሩ መዛወሩን ነግሮኝ ነበር። ለሽኝቱ ከመምህራኑ የሚሰጠው ስጦታ በእጅ የተሠራ የመታሰቢያ ሳጥን እንዲሆን ተስማምተዋል። ባለፈው ዓመት ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሠርግ የቀለበት ማስቀመጫ ሠርቼ ስለነበር እኔን አስታወሱ።

«ትልቅ አድርገህ ሥራው» አለኝ ዩኒት ሊደሩ፣ እጆቹን ዶሮ እንደያዘ ሰው ዘርግቶ። «ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ማየት አለበት። ደግሞ ለእሱ እንዳትነግረው፤ ድንገት ነው የምንሰጠው።»

እሺ አልኩ። የማስበው ግን ስለ ትልቅነቱ አልነበረም።

ሳጥን መሥራት ማንም አላስተማረኝም። አንድ ቢሮ ግድግዳ ላይ ከስንዴ አገዳ የተሠራ ሥዕል አይቼ ቤት ገባሁና አንድ አገዳ በምላጭ ሰነጠቅሁ፤ የተጀመረው በዚያ ነው። ይህ መምህር ጂኦሜትሪ ነው ያስተማረኝ። ማትሪክ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ከተቀመጥኩ ወዲህ ግን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የሠራሁትን እየያዝኩ የምሄደው እሱ ዘንድ ነበር። ሳጥን ሠርቶ አያውቅም። ዐይኑ ግን ስኳድራ ነው፤ ዘጠና ዲግሪን ሳይለካ ያውቃል። የመጀመሪያውን ሳጥኔን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አንዱን ጫፍ በጣቱ ጫን ሲያደርገው ሳጥኑ ተንገዳገደ። «ሦስት እግር ነው ያለው» ብሎ መለሰልኝ። ሁለተኛውን ወደ መስኮቱ አነሣውና በመጋጠሚያው በኩል የገባውን ብርሃን አሳየኝ። «ዘጠና አልሞላም።» የሦስተኛው ክዳን ሁለት ሚሊ ይበልጥ ነበር። አራተኛውን ብዙ ሲያገላብጥ ቆየና «ቀርቧል» አለ።

በዚያች «ቀርቧል» ስንት ወር እንደኖርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሌላው ሰው ሁሉ «እጅህ ይባረክ» ይለኛል። ደስ ይላል፣ ግን የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አይነግረኝም። ከዚህ ሰው አፍ «ልክ ነው» የምትለውን መስማት ፈለግሁ። አሁን ሊሄድ ነው፤ የቀረችኝ አንድ ሳጥን ናት።

ሌላው ዕቃ አላስቸገረኝም። ባለሱቁ ኮላውን ባለማምጣቱ አፍሮ መሰለኝ ባዶ የሻይ ሳጥን ሰጠኝ፤ ጣውላው ስስ ነው፣ ቶሎ አይጣመምም። የስንዴ አገዳው ከታኅሣሥ ጀምሮ ጣራችን ሥር ተሰቅሏል። አገዳ ከአውድማ አይለቀምም፤ በሬ ከረገጠው ገለባ ነው። ስለዚህ በአጨዳ ጊዜ ሞርሲቶ አጠገብ ያለው አጎቴ ዘንድ ሄጄ አንድ ነዶ ሳይወቃ እንዲሰጠኝ ለምኜው ነበር።

«በሬ የለህ፣ አህያ የለህ፣ ምን ልታደርገው ነው?»

ሥዕል እንደምሠራበት ስነግረው ሚስቱን ጠራና «እስቲ ለእሷም ድገምላት» አለኝ።

ሙጫው ግን የለም። የስንዴ ዱቄት ሙጫ ለወረቀት ይሆናል፤ ጣውላ አይዝም። በአምስተኛው ቀን ዐይኔ ጓዳ ውስጥ ካለው ቡላ ላይ ዐረፈ። እናቴ ከእንሰቱ ጨምቃ ያጠለለችው፣ እንደ ጠመኔ የነጣ ቡላ ነው። ገንፎው ጣት ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ በልቶት የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። ሁለት ጭብጥ ወስጄ በጣሳ አፈላሁት።

እናቴ ጣሳው ላይ ደረሰችብኝ።

«ይኼ የአራስ ነው!» አለች በሀዲይኛ፤ ስትናደድ አማርኛ አይመጣላትም። ጎረቤታችን ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበር፣ ቡላውም ለእሷ የተቀመጠ ነው። «ሳጥንህ ወልዷል?»

«ትንሽ ነው እኮ እማ።»

«ሁለት ጭብጥ ነው ትንሽ?»

«ለቲቸር ነው። ሊሄድ ነው።»

 መምህሩን ትወደዋለች። «ታዲያ ገንፎ አድርገህ አትሰጠውም? በልቶ ወገቡ ይጠናለት ነበር» አለችና ማማሰያዋን ነጥቃኝ ሄደች። በእንጨት ፍላጭ ማማሰሌን ቀጠልኩ።

ቡላው ያዘ። እንዲያውም ከጠበቅሁት በላይ ያዘ። አራቱን ግድግዳ አጋጥሜ፣ በቃጫ ገመድ ጠፍሬ አስቀመጥኩት። ግን ሐምሌ ነው። በሆሳዕና ሐምሌ የታጠበ ሸሚዝ ሦስት ቀን አይደርቅም፤ ቡላ መቼ ሊደርቅ! በአራተኛው ቀን የኮመጠጠ ሽታ አመጣ፤ መጋጠሚያው ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ብቅ አለ። ሻጋታውን ጠርጌ ሳጥኑን ወደ ምድጃው አስጠጋሁት። ስህተቴ እሱ ነበር። ቡላ በእሳት ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ የያዘውን ይዞ ነው። ገመዱን ፈትቼ ስኳድራ ሳገባ ሦስቱ ማዕዘን ልክ ናቸው፣ የኋላው ግራ ወደ ውስጥ ተስቧል።

በእንፋሎት አላቅቄ እንደገና አጣበቅሁት፤ አሁንም ተሳበ። በሦስተኛው ጊዜ ከምድጃው አራቅሁትና ለሥዕሉ አገዳ እየሰነጠቅሁ አራት ቀን ጠበቅሁ። ክፍተቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። የደብተር ወረቀት በስኳድራውና በጣውላው መካከል ስሰድ ገባ። በሰም ሞላሁት። ማንም አያየውም። እኔ ግን ከሩቅም ሆኜ ሌላ ነገር አይታየኝም ነበር። አራተኛ ለመድገም ቀን አልቀረኝም።

ንዴቴን ይዤ ወደ ውስጡ ዞርኩ። ለኮምፓሱ፣ ለፕሮትራክተሩ፣ ለማስመሪያውና ለእርሳሱ አራት ክፍል አበጀሁ። ልኩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ በተማሪነቴ የራሱን ዕቃዎች ስንት ጊዜ ተውሼ ይዣለሁ። በክዳኑ የውስጥ ገጽ ጥቁር ከፋይ ለጥፌ፣ እሱ የሚያስተምርበት ክፍል መስኮት ላይ ቆሞ የሚያየውን ተዳፋት ሠራሁ። የሣር ቤቶቹና መንገዱ ከስንዴ አገዳ፣ እንሰቱ ከራሱ ከደረቀ የእንሰት ቅጠል። አገዳውን የምተኩሰው በከሰል ካውያ ነው፤ ካውያው ለብ ሲል ወርቅማ ይሆናል፣ ሲግል ቡናማ፣ ትንሽ ከዘነጉት ይቃጠላል። ለአንዱ ጣራ ብቻ ሠላሳ አንድ ስንጣቂ ገብቷል። ከሥዕሉ ሥር ትንሽ ጉድጓድ አወጣሁና ከጥቁር ሰሌዳው ግርጌ የለቀምኩትን የጠመኔ ስባሪ አኖርኩባት። መክደኛዋ በበረኪና ታጥቦ መስታወት የመሰለ የራጅ ፊልም ነው።

ውጩን ሆን ብዬ ቀለል አደረግሁት፤ ዙሪያውን አንድ ቀጭን የአገዳ መስመር ብቻ። ሽኝቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ዩኒት ሊደሩ መጣ።

«ይኼማ ባዶ ነው!»

«ሥራው ውስጡ ነው ጋሼ። እስቲ ይክፈቱት።»

ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋው። «ጎበዝ። ውስጡን ግን ማን ያየዋል? የሚሰጠው አዳራሽ ውስጥ ነው። ኮከብ የለው፣ ጽሑፍ የለው። ነገ አብዮታዊ ስሜት ይጎድለዋል ቢሉ መልስ የምትሰጠው አንተ ነህ?»

  በማግሥቱ ቀይ የዘይት ቀለም፣ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ኮከብና ሦስት የፕላስቲክ አበባ ይዞ ተመለሰ። ኮከቡን ክዳኑ መሐል በምስማር መታው። ከመሐል ሦስት ሚሊ ወደ ቀኝ ሄዷል። ነገርኩት።

«ኮከብ እኮ ነው፤ ሰማይ ላይ ያለውንስ ለክተኸዋል?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ አበባዎቹን ኮከቡ ዙሪያ ሰክቶ በገዛ እጁ «አብዮታዊ መታሰቢያ» ብሎ ጻፈ። የመጨረሻዎቹን ፊደላት ቦታ ስላነሰባቸው አጠጋጋቸው።

ይሁን አልኩ። መምህሩ ክዳኑን አንሥቶ ውስጡን እስኪያይ ነው። አዳራሹ ውስጥ የት እንደምቆም ሁሉ አስቤ ነበር፤ በጎን በር፣ ፊቱ የሚታየኝ ቦታ።

የሽኝቱ ቀን እዚያው ቆምኩ። ለስላሳና ቆሎ ቀረበ። ዩኒት ሊደሩ «ጓዶች!» ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ። ከዚያ ስጦታው መጣ። ጸሐፊዋ በባለ አበባ ወረቀት ጠቅልላ፣ ሪባን አስራበታለች። ኮከቡ የለም፣ ጽሑፉ የለም፣ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው የሚያየው ወረቀት ብቻ። መምህሩ ብድግ አለ፣ በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ተጨበጨበ። ጥቅሉን ወንበሩ ሥር አስቀመጠና ለስላሳውን አነሣ።

ጠበቅሁ። ሌላ ሰው ንግግር ጀመረ። ቀስ ብዬ ወደ ዩኒት ሊደሩ ጠጋ አልኩ።

«አይከፍተውም?»

«ሰው ፊት?» ዐይኑን አፈጠጠብኝ። «ስግብግብ ሊባል? ምን ነካህ፣ አንተ የዚህ አገር ልጅ አይደለህም?»

ነኝ። እኔም የተሰጠኝን ነገር ሰው ፊት ከፍቼ አላውቅም። አሥራ ስምንት ቀን ስለ ማዕዘን፣ ስለ ሙጫ፣ ስለ ካውያ ሙቀት ሳስብ፣ ሕፃን የሚያውቀውን ይህን አንድ ነገር አላሰብኩም። ዩኒት ሊደሩ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «ከሩቅ አማረ፣ አይደል?»

በማግሥቱ ማልጄ መናኸሪያ ሄድኩ። ዝናቡ ያካፋል። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጣራ ላይ ሻንጣውና ፍራሹ ሁሉ ተጭኖ ሸራ ተወጥሮበታል። መምህሩ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። ሲያየኝ መስኮቱን ከፈተ።

«አንተ! በዚህ ዝናብ ልትሸኘኝ መጣህ?»

«ቲቸር፣ ሳጥኑን ከፈቱት?»

«የቱን ሳጥን?»

«የትናንቱን ስጦታ።»

«ሳጥን ነው እንዴ? እኔ ራዲዮ መስሎኛል!» አለ፤ ከዚያ አተኩሮ አየኝ። «አንተ ነህ የሠራኸው?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ለካ ማን እንደሠራው የነገረው የለም፤ ያ ሁሉ ንግግር ሲደረግ።

«ላይ ነው ያለው፤ ከፍራሹ ጋር ጠቅልዬዋለሁ» አለ ወደ ጣራው እያመለከተ። «ስደርስ ከእናቴ ጋር እከፍተዋለሁ።» ቀጥሎ ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚጠይቀው አድርጎ ጠየቀኝ፦ «ማዕዘኑስ?»

እሱ እንዲነግረኝ የፈለግሁትን እኔን ጠየቀኝ። ልክ ነው ማለት ይቻል ነበር። በሰም ተሞልቷል፣ በላዩ አገዳ አልፏል።

«ሦስቱ ዘጠና ናቸው» አልኩት። «የኋላው ግራ ወደ ውስጥ ተስቧል። አንድ ወረቀት ያህል። ሙጫው ነው።»

«በምን አጣበቅኸው?»

«በቡላ።»

ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። «በቡላ!» አለ፤ አጠገቡ ለተቀመጠችው ሴትዮም ደገመላት። ረዳቱ የበሩን ቆርቆሮ በመዳፉ ደብድቦ «ሳበው!» ብሎ ጮኸ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ መምህሩ አንገቱን አውጥቶ «እሱን መጀመሪያ አየዋለሁ!» አለኝና ዝናቡ ስለገባበት መስኮቱን ዘጋው።

ወደ ቤት የሄድኩት በገዛ አፌ እየተናደድኩ ነው። ዝም ብል ኖሮ ክዳኑን አንሥቶ መጀመሪያ ተዳፋቱን ያይ ነበር፤ ጣራዎቹን፣ እንሰቱን፣ የጠመኔዋን ስባሪ። አሁን ግን እናቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ወረቀቱን ይቀድዳል፣ የዩኒት ሊደሩን ኮከብ ያያል፣ ከዚያ ሳጥኑን አዙሮ ጀርባውን ወደ ብርሃን ያነሣል። ባልነግረው ላያገኘው ይችል ነበር? ያገኘዋል። ግን መጨረሻ ላይ ያገኘው ነበር።

ደግሞ አንድ ወረቀት ያህል አልኩት። ቤት ገብቼ ሳስበው አንድ ወረቀትም አይሞላም፤ ወረቀቱ የገባው ተገፍቶ ነው።