ጠገብኩ ያለ ባትሪ

እናቴ ቤት ምሳ በልቶ «ጠገብኩ» ማለት ዋጋ የለውም። ቃሉን እንደ ይሉኝታ ነው የምትሰማው። «በሞቴ!» ስትል ጉርሻው አፍህ ደርሷል። እኔ ቦሌ ኤሌክትሮኒክስ ስጠግን የምውል ጎልማሳ ነኝ፤ የሆዴ ጉዳይ ግን ዛሬም በእሷ ቁጥጥር ሥር ነው።

እናቴ አስም አለባት። አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምትኖረው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር መድኃኒቷን ወደ ጉም የሚለውጠው ማሽን አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አራት የሊቲየም ሴሎች ደርድሬ ባትሪ ሠራሁላት። ያስረከብኳት ቀን ጉራዬ ሌላ ነበር። ቻርጀሩ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ሳይቀር አሳየኋት።

«ይቺ ወደ ቀኝ ስትዞር ቮልቴጁ ይጨምራል። እኔ ልኩ ላይ አድርጌዋለሁ።»

የገባት መስላ ራሷን ነቀነቀች።

ሳምንት ሳይሞላ ደወለች። «ልጄ፣ ይሄ ነገርህ ዓይኑን ያርገበግባል።»

ሄጄ አየሁት። የቻርጀሩ መብራት ቀይ፣ አረንጓዴ፣ እንደገና ቀይ ይላል። ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላ የሚጠብቀው መከላከያ ቦርድ ቻርጁን ይቆርጣል፣ ይለቃል፣ መልሶ ይቆርጣል። ከልክ በላይ የተሞላ ሊቲየም በእሳት መጫወት ነው፤ ካልተስተካከለ ከመኝታ ቤቷ ማውጣቴ ግድ ነው። ካወጣሁት ደግሞ መብራት ሲጠፋ ትንፋሿን ምን ሊያግዘው ነው? ፈራሁ። እኔ ደግሞ ስፈራ እነጫነጫለሁ።

ሴሎቹን የሸጠልኝን ሰው ረገምኩ። አንድ በአንድ ለካኋቸው፤ ደህና ናቸው። ቦርዱን ረገምኩና ቀየርኩት፤ አዲሱም ቆረጠ። እናቴ በበሩ ብቅ እያለች «ምሳ ይቅረብ?» ትለኛለች፤ እጄን አወናጭፋለሁ። የቀረው ቻርጀሩ ብቻ ነበር። እሱን ግን በገዛ እጄ ስላስተካከልኩት መጠርጠሩ ክብሬን ነካው። በመጨረሻ ከባትሪው ነቅዬ ለካሁት። አሥራ ስድስት ነጥብ ስምንት ቮልት ላይ መቆም ሲገባው አሥራ ሰባት ነጥብ ስድስት ይላል። ምስኪኑ ቦርድ ሥራውን እየሠራ ነበር።

«እማዬ፣ ይቺን ብሎን የነካት ሰው አለ?»

«በቢላ ጫፍ… ትንሽ ነው ያዞርኳት» አለች።

«ለምን?»

«ቶሎ አረንጓዴ አበራ። አፍሮ መስሎኝ!»

ሳቄ መጣ። ባትሪውን «በሞቴ!» ብላዋለች። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ሳይሞላ ቢቀርስ?» አለች ቀስ ብላ። «ባለፈው መብራት ሲጠፋ እኮ የምሞት መስሎኝ ነበር።»

ካቻቪቴዬን አነሳሁ።

ብሎኗን ወደ ልኳ መለስኳት፤ ዳግም እንዳትዞር የጥፍር ቀለም ጠብ አደረግኩባት። ከዚያ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። «ይሄ እንደ ሰው ይሉኝታ የለውም። ሲጠግብ ራሱ ይቆርጣል። አረንጓዴ ካበራ ጠግቧል ማለት ነው፤ እመኚው» አልኳት። መብራቱ ቀይ ሆኖ ቆየና አረንጓዴ ላይ ረጋ።

በቀጣዩ እሑድ ምሳ ላይ እያለን መብራት ጠፋ። የእናቴ ደረት ሲጥ ሲጥ ማለት ጀምሮ ነበር። ማሽኑን ባትሪው ላይ ሰካሁት፤ አጉረመረመ፣ ጉሙ ወጣ። ጭምብሉን አጥልቃ ስትተነፍስ ሁለታችንም ድምፁን እያዳመጥን ተቀመጥን። ደረቷ ጸጥ ሲል ጭምብሉን አወለቀች፣ እጇን ታጥባ ተመለሰችና ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች።

«ጠግቤያለሁ እማዬ።»

እጇ አየር ላይ ቆመ። እንዲህ ሲሆን በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

«ቆረጠ?» አለችኝ።

«ቆርጧል።»

ጉርሻውን ራሷ ጎረሰችው። አላምጣ ስትጨርስ፣ በሙሉ ትንፋሽ ሳቀች።