ጋሽ አጎበር የደበቁት ቁስል

የክሊኒኩ ሰው ሁሉ «ጋሽ አጎበር» ይላቸዋል። የላቦራቶሪ ባለሙያ ናቸው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍተው የሰው ደም ሲመረምሩ የኖሩ። የወባ ነገር ከተነሳ አፋቸው አይያዝም። ከቆላ የተመለሰ መንገደኛ ደሙን ሰጥቶ ሲጠብቅ፣ በላቦራቶሪዋ መስኮት ብቅ ይሉና ውጤቱን ከማቀበላቸው በፊት «አጎበር ይዘህ ነበር?» ብለው ይጠይቁታል። አልያዝኩም ያለ ጉድ ፈላበት። ወባ ባይገኝበት እንኳ ተግሳጹን ጠጥቶ ነው የሚወጣው።

እሳቸው ራሳቸው ግን ቆላ ረግጠው አያውቁም ነበር። ታናሽ እህታቸው እዚያ በአስተማሪነት ከተመደበች ስድስት ዓመቷ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በስልክ «ወንድም አለኝ ብዬ ለማን ልንገር?» እያለች ስታለቅስ በመጨረሻ ሆዳቸው ባባና የአሥር ቀን ፈቃድ ወሰዱ።

አቤት ዝግጅት! ሁለት አጎበር፣ ሦስት ቱቦ የትንኝ ማባረሪያ ቅባት፣ እጅጌ ረጅም ሸሚዝ፣ ወፍራም ካልሲ። በዚያ ሙቀት ሰው ሁሉ በከነቴራ ላቡን ሲጠርግ፣ ጋሽ አጎበር እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይንጎማለላሉ። ሲመሽ ሁለቱን አጎበር ደርበው ውስጡ ይገባሉ።

«ጋሼ፣ እዚያ ውስጥ አየር ይገባል?» ይላቸዋል የእህታቸው ባል ሳቁን እየዋጠ።

«ትንኝ አይግባ እንጂ አየሩ የራሱ ጉዳይ ነው!»

አንድ ነገር ብቻ አላሰቡበትም። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፤ በሩን ሲከፍቱት ትንኙ ግር ብሎ ተቀበላቸው። ጋሽ አጎበር ቀበቷቸውን እንደያዙ ወደ ኋላ ፈረጠጡ። ቅባቱንስ የት የት ይቀቡታል? የማይቀባም ቦታ አለ። ስለዚህ ግራ ቀኝ ገልመጥ ብለው ከቤቱ ጀርባ ካለው ረጅም ሣር ውስጥ ገቡና፣ ትንኝ በሌለበት፣ በንጹህ አየር ጣጣቸውን ጨረሱ። በማግስቱም እንዲሁ። እስኪመለሱ ድረስ በየቀኑ እንዲሁ፣ ከእኔ ወዲያ ብልጥ እያሉ።

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። ሣሩ ውስጥ ከመርፌ ጫፍ የማትበልጥ ቅንቅን ነበረች፤ ቅንቅኗ ደግሞ ሰው ማን እንደሆነ አትጠይቅም።

አገራቸው በተመለሱ በሳምንቱ ራስ ምታት ጀመራቸው። ከዚያ ትኩሳት። «ወባ ናት! ያን ሁሉ ታጥቄ!» ብለው ጣታቸውን ወጉና የገዛ ደማቸውን በማይክሮስኮፕ አዩ። ምንም የለም። ደገሙ። የለም። ሦስተኛ ጊዜ ሲያጡ «ይሄ ማይክሮስኮፕ አርጅቷል» ብለው ኮታቸውን ደርበው ወደ ቤት ሄዱ።

ቤት ደርሰው ልብስ ሲቀይሩ ባለቤታቸው አየች።

«መቀመጫህ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

«አያምም። ለማንም እንዳትናገሪ።»

ቁስሉ ከተነገረ የሣሩ ታሪክም መነገሩ ነው። ጋሽ አጎበር ከትንኝ ሸሽተው ሜዳ ላይ ተቀመጡ ሊባል! ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት ቀርቷቸዋል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሳቅባቸው ሊኖሩ ነው። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው አሉ።

በአምስተኛው ቀን መቆም አቃታቸው። ባለቤታቸው ደግፋ እዚያው የሚሠሩበት ክሊኒክ አደረሰቻቸው። ወጣቷ ሐኪም መረመረቻቸው፣ ትንፋሻቸውን አዳመጠች፣ ፊቷ ተለወጠ።

«ሰውነትዎ ላይ ቁስል አለ? የነከሰዎት ነገርስ?»

«የለም።»

«ልብስዎን አውልቀው ልይዎት።»

«ልጄ፣ ከቀበቶዬ በላይ ያለውን እንደፈለግሽ እዪ።»

ሐኪሟ ወንበሯን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ጋሽዬ፣ ወባ አይደለም። ምኑን እንደማክም አላውቅም። ሳንባዎም መነካት ጀምሯል። በዚህ ከቀጠለ እናጣዎታለን።»

ባለቤታቸው ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም! አንተ ሰውዬ፣ ተናገር! ለአንድ መቀመጫ ብለህ ልትሞትብኝ ነው?»

ጋሽ አጎበር ቀና ብለው አዩዋት። በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ስትንቀጠቀጥ አይተዋት አያውቁም። የዚያን ጊዜ ፈሩ፤ የምር ፈሩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ሱሪያቸውን በገዛ እጃቸው ዝቅ አደረጉ።

«ሣር ላይ... ተቀምጬ ነበር» አሉ።

ሐኪሟ ጎንበስ ብላ አየችና እጇን አጨበጨበች። «ተገኘ! ቅንቅን ነክሳዎት ነው! ይቺ ጥቁር ቅርፊት የነከሰችበት ቦታ ናት፤ ትኩሳቱም ከእሷ የመጣ ነው። መድኃኒት አለው ጋሽዬ! ዛሬ ከጀመሩ በሁለት በሦስት ቀን ይቀልዎታል።» ባለቤታቸው እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ከዚያ ሐኪሟ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጋሽዬ... እንዲህ ዓይነቱን በመጽሐፍ እንጂ በዓይናችን አይተን አናውቅም። ባልደረቦቼ ቢያዩት...»

ጋሽ አጎበር የላቦራቶሪዋን መስኮት አሰቡ። ከቆላ እየተንቀጠቀጠ መጥቶ «ወባ የለብህም፣ ሂድ» ብለው በመስኮቷ የሸኙት ስንት ነው? የስንቱ ሱሪ ውስጥ ይሄው ቅርፊት ነበር? ትኩሳቱ ያላስለቀሳቸውን ሰውዬ ይቺ ሐሳብ አስለቀሰቻቸው።

«ጥሪያቸው» አሉ።

ነርሶቹ ገቡ። የመድኃኒት ቤቷ ሠራተኛ ገባች። የካርድ ክፍሉ ሰውዬም ገባ። ምን አገባው እንጃ፣ ዘበኛውም ኮፍያውን አውልቆ ገባ። ክፍሉ ሞላ፤ አንዱ ሳቁን አፍኖ በአፍንጫው ተነፈሰ።

«ሁላችሁም አያችሁ?» አሉ ጋሽ አጎበር ከግድግዳው ሳይዞሩ።

«አየን ጋሽ አጎበር።»

«ጠጋ ብላችሁ እዩ። ከእንግዲህ በዚህ በሽታ አንድ ሰው እጃችሁ ላይ ቢሞት፣ አላየንም የምትሉበት አፍ የላችሁም።»

የሚስቅ ጠፋ። ዘበኛው ሳይቀር ጎንበስ ብሎ አየ።

«በሉ በሩን ዝጉልኝ፤ በረደኝ።»