«ያረፈደ ይሮጣል» ያለው ኮች

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ... ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው የአረጋውያን አፓርታማችን አዳራሽ ሃምሳ የምንሆን ኢትዮጵያውያን ተቀምጠን እንግዳ እንጠብቃለን። እንግዳው ለካውንቲው፣ በኛ አጠራር ለወረዳው፣ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ነው። ከፖለቲካው በፊት የኮሌጅ ፉትቦል አሠልጣኝ ስለነበረ ሁሉም «ኮች» ነው የሚለው። ፉትቦል ስል በእጅ የሚያዘውን ማለቴ ነው።

አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ገባ።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የተሰጠኝን ወረቀት እስከ ጀርባው አነባለሁ። የኮች በራሪ ወረቀትም ከሳምንት በፊት በየበራችን ሥር ገብቶ ነበር። ፊቱ ላይ እሱ ዋንጫ ይዞ ይስቃል። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል አሥር ነጥቦች አሉ። ሰባተኛው «አውቶቡሶች እንዲፈጥኑ የሚቀራረቡ ፌርማታዎች ይቀነሳሉ» ይላል። ከሥሩ ባለው ትንሽ ካርታ ላይ በራችን ላይ ያለው ፌርማታ ተሰርዟል።

ጎረቤቴ እትዬ አልጋነሽ ጎማና መቀመጫ ያለው መደገፊያ እየገፉ ነው የሚሄዱት። ክሊኒክም ቤተ ክርስቲያንም የሚያደርሳቸው ያ አውቶቡስ ብቻ ነው። ቀጣዩ ፌርማታ ያለው ደግሞ ከስድስት መስመር መንገድ ማዶ ነው።

የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ለሆነው ለአቶ ጌታሁን ወረቀቱን ቀድሜ አሳይቼው ነበር።

«ጋሼ፣ ጥያቄ የለም። የሰውየው ፕሮግራም ታይት ነው፣ ይቸኩላል። እርስዎ መጨረሻ ላይ ይመርቁልናል፣ በቃ» አለኝ።

«ሳልጠይቅ ነው የምመርቀው?»

«ስንት ጊዜ ኮል አድርገን ነው እሺ ያለን... ሰው ፊት ኢምባራስ እንዳያደርጉን።»

ፀጉርህ ሲነጣ የሚሰጥህ ሥራ ይኸው ነው፤ መመረቅ። እሺ አልኩ።

ኮች ንግግር ይችላል። ልጅ ሳለ ጉልበቱ ተሰብሮ መጫወት ማቆሙን፣ ከዚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማሠልጠኑን ነገረን። ቡድኑ ውስጥ አንድ የማይታጠፍ ሕግ ነበረው። ያረፈደ ተጫዋች፣ ኮከብም ቢሆን፣ ሮጦ ሜዳውን ይዞራል።

«ሰበብ አልሰማም ነበር» አለ።

አቶ ጌታሁን ከእንግሊዝኛው ተረጎመው፣ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው።

ከዚያ ተራዬ ደረሰ። ኮች እንደ እኛ መዳፉን ዘርግቶ አሜን እንዲል አቶ ጌታሁን በጆሮው ነገረው። ሰውየው እጁ ሰፌድ ያክላል።

«ዕድሜና ጤና ይስጥህ።»

«አሜን።»

«ቤትህን፣ ልጆችህን ይባርክልህ።»

«አሜን።»

«ወረቀትህ ላይ ያለውን ሰባተኛውን ነጥብ ያስተውህ።»

አሜኑ ሳሳ። አቶ ጌታሁን ዐይኑን አፈጠጠብኝ።

«በራችን ላይ ያለውን ፌርማታ ከመነሳት ይጠብቅልን።»

ከኋላ ወንበር የእትዬ አልጋነሽ «አሜን» ብቻውን ተሰማ... ተከትሎ አዳራሹ በሙሉ። ኮችም መዳፉን እንደዘረጋ ከሁሉም አስበልጦ «አሜን» አለ። ከዚያ ወደ ሰብሳቢያችን ጎንበስ ብሎ «ምን አሉ?» ሲል ጠየቀ።

«ድል ይመኙልሃል» አለው አቶ ጌታሁን።

«እንደዚያ አላልኩም» አልኩ በእንግሊዝኛ። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰባተኛውን ነጥብ አነበብኩለት። ለምን ነገር አሜን እንዳለም ቃል በቃል ነገርኩት።

የኮች ፈገግታ ቀነሰ። «ጉዳዩ ተጠንቶበታል» አለ። «ቀጣዩ ፌርማታ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው።»

«ለማን?»

«ለማንም።»

አቶ ጌታሁን ክንዴን ያዘ። «ጋሼ፣ በቃ አሁን...»

«አልበቃም» አልኩና ወደ ኮች ዞርኩ። «አንተ ዛሬ አርባ ደቂቃ አርፍደሃል። በራስህ ሕግ ትሮጣለህ።»

«መንገድ ተዘግቶብኝ ነው።»

«ሰበብ አልሰማም።»

ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ የፈለገ አልነበረም። ሳቁ ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት መጣ።

«ጉልበትህን ስለነገርከን ሩጫውን ምሬሃለሁ» አልኩት ወደ እትዬ አልጋነሽ እያመለከትኩ። «እስከዚያ ፌርማታ ከእኚህ ሴት ጋር ትሄዳለህ። በሳቸው እርምጃ።»

 ኮች ኮቱን አውልቆ ለአቶ ጌታሁን አስያዘው።

ሦስታችን ወጣን። ሰዓቴን ያዝኩ። ኮች ገና ከበሩ ሲወጣ ሁለት እርምጃ ቀደመ።

«ልጄ፣ ቀስ በል። እኔ ለምርጫ አልወዳደርም» አሉት እትዬ አልጋነሽ። ተረጎምኩለት። ወደ ኋላ ተመልሶ ከጎናቸው ሆነ። ሁለት ጊዜ መደገፊያቸው ላይ ተቀምጠው አረፉ፣ ሁለቱንም ጊዜ ቆሞ ጠበቀ።

ማቋረጫው ላይ የእግረኛው መብራት ከሃያ አምስት ወደ ታች ይቆጥራል። ዜሮ ሲል ገና አራተኛው መስመር ላይ ነበርን። አንድ ፒካፕ ጡሩምባውን ነፋ። ኮች እነዚያን ሰፌድ የሚያክሉ እጆቹን ዘርግቶ መኪኖቹ ፊት ቆመ። እትዬ አልጋነሽ አልቸኮሉም። ቢፈልጉም አይችሉም።

ፌርማታው ላይ መቀመጫ የለም፤ አንድ ምሰሶ ብቻ ነው። ኮች ምሰሶውን ተደግፎ ጉልበቱን ማሸት ጀመረ።

«ስንት ደቂቃ ፈጀብን?» አለኝ።

«ሃያ ስምንት።»

ኮች በኪሱ የነበረችውን የራሱን ወረቀት አውጥቶ ጀርባዋን አየና መልሶ ከተታት። ስለ ሰባተኛው ነጥብ ቃል አልገባም። እኔም አልለመንኩትም። በመጨረሻ ሊሰናበተኝ እጁን ዘረጋ።

እጁን አልጨበጥኩም። «ገና ነህ» አልኩት። «ዙር የሚሞላው የተነሳህበት ስትደርስ ነው።»