የተኛው ጅረት

ጅረታችን ከምንጩ እስከ ባሕሩ ሦስት ማይል አይሞላም። ከተራራው ወገብ፣ ከቀያዮቹ ግዙፍ ዛፎች ሥር ይነሳና ከገደል ገደል እየዘለለ ይወርዳል። የዴልፊና ቶኛዚን የላም በረት ታክኮ እንዳለፈ ጠጠሩ ይውጠዋል። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ እንደገና ብቅ ይልና ከባሕሩ አሸዋ ጀርባ ኩሬ ሠርቶ ይጠራቀማል። በበጋ፣ በእኛ አገር ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ጠጠሩ ላይ ጠብታ አይታይም። ያኔ እኛ «ተኝቷል» እንላለን። ደረቀ የሚል ሰው እዚህ አልተወለደም።

ዴልፊና ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ ባሏንም እዚያው ቀብራ፣ ዛሬም አሥራ አንድ ላሞች በእጇ ታልባለች። ልጇ ከከተማ ደውላ «እማ፣ ሸጠሽ ነይ» ስትላት፣ «መጀመሪያ ላሞቹን አስፈቅጂ» ብላ ስልኩን ትዘጋለች።

ባለፈው ዓመት አንድ የካርታ ሠራተኛ ደውሎ «ጅረቱ በነሐሴ እንዴት ነው?» ቢላት «ተኝቷል» አለችው። ሰውየው «ደረቅ» ብሎ ጻፈ። አዲሱ ካርታ ሲመጣ፣ ጠጠሩ ላይ ጅረታችን ቁርጥራጭ መስመር፣ የደረቅ ወንዝ ምልክት፣ ሆኗል። ደረቅ የተባለን ቦታ ደግሞ መንገድ ሠሪዎች በአፈር መሙላት ይፈቀድላቸዋል። ከተሞላ ኩሬው ከጠጠሩ ሥር የሚመጣለትን ቀዝቃዛ ውሃ አያገኝም፤ እዚያ ዝናቡን የሚጠብቁት ዓሦች ያልቃሉ።

«በገዛ አፌ ገደልኩት» አለችኝ። ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

የመንገድ ሠሪዎቹ የአፈር ማሽን በመጣበት ጠዋት አካፋና የማለቢያ በርጩማዋን ይዛ ሄዳ ጠጠሩ መሃል ተቀመጠች። እኔም፣ ጎረቤቷ፣ ከኋላዋ ቆምኩ። የካርታው ሠራተኛ ከማሽኑ ጋር መጥቶ ነበር።

«እማማ፣ ይነሱ እንጂ። ደረቅ መሬት ላይ እኮ ነው የተቀመጡት።»

«ደረቅ ከሆነ ቆፍር!» አካፋውን እግሩ ሥር ጣለችለት።

«እኔ የቢሮ ሰው ነኝ።»

«ያስታውቃል። እጅህ ከላሜ ጡት ይለሰልሳል።»

የማሽኑ ነጂ በሳቅ ፈነዳ። ሠራተኛው ፊቱ ቀልቶ መቆፈር ጀመረ። ጉድጓዱ ጉልበቱ ድረስ ሲደርስ ጠጠሩ ጠቆረ፤ ከዚያ ውሃው ከታች ተነስቶ ጫማው ውስጥ ገባ።

«ኧረ በረዶ ነው!» ብሎ ዘለለ።

«ከእንቅልፉ ቀስቅሰኸው ነዋ።»

«እሺ፣ ለአለቆቼ እነግራለሁ። በሚቀጥለው ወር...»

«ካርታህን አውጣ። እዚሁ፣ እፊቴ። እስክታስተካክለው አልነሳም፤ ማሽኑም አያልፍም።»

ሰውየው ነጂውን አየ። ነጂው ሞተሩን አጠፋ።

ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ቁርጥራጮቹን በሰማያዊ እስክሪብቶ አንድ በአንድ አያያዛቸው። ዴልፊና ከበርጩማዋ ጎንበስ ብላ በትከሻው በኩል ታያለች።

«አንዱን ዘለልከው» አለችው።