የእናቴ በርሜሎች ጣና ላይ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ደጋግሜ አሰብሁ። ሰው አልሞተበትም፣ ማንም አልተሾመበትም። ስድስት የፕላስቲክ በርሜሎች ላይ ስለተቀመጠ አንድ ጡረተኛ ብቻ ነው። ነገር ግን አንድ ክረምት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረም።

አባቴ ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጠጋኝ ነበር። ጡረታ እንደ ወጣ ዓሣ ማጥመድ አማረው። ጉልበቱን ስለሚያመው ታንኳ ላይ እግሩን አጥፎ መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ባዶ በርሜሎችን በሁለት ረድፍ አሰረና ከላያቸው ሳንቃ ዘረጋ፤ በሳንቃው ላይ የቤታችንን ወንበር አጥብቆ አሰረበት። ይህን ጀልባ በረጅም ገመድ ከዳር ካለው ዋርካ ጋር አያይዞ፣ በዘንግ እየገፋ እስከ ደንገሉ ጫፍ ይወጣ ነበር።

በርሜሎቹ ግን የእናቴ ነበሩ። ሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ የምታጠራቅመው በእነሱ ነው።

"አዋስሁህ እንጂ አልሰጠሁህም" አለችው። "እስከ መስቀል አንድ ዓሣ ይዘህ ካልገባህ በርሜሎቼን ትመልሳለህ።"

"እስከ መስቀልማ ዓሣ ሰልችቶሽ በቃኝ ትያለሽ" አላት።

እኔ የፈተና ውጤት እየጠበቅሁ ሥራ ስላልነበረኝ አብሬው እወጣለሁ። አባቴ ዕድሜውን ሁሉ ማሽን ሲነካካ የኖረ ሰው ነውና ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም። ይነሣል፣ ገመድ ያጠብቃል፣ ክሩን ይስባል፣ ይቀመጣል። በተነሣ ቁጥር በርሜሎቹ ድም ይላሉ።

"ጋሼ፣ ዓሣ እያጠመዱ ነው ወይስ ከበሮ እየመቱ?" ይለዋል በታንኳ የሚያልፍ አንድ አጥማጅ።

"አንተ ሣርህ ላይ ተቀመጥ" ይመልስለታል አባቴ፤ ታንኳው የደንገል ነውና።

ይሳሳቃሉ። ማታ ግን ባዶ እጁን ይገባል። ፋብሪካውን ከለቀቀ ወዲህ ደስ ብሎት ከቤት የሚወጣው ለዚህ ብቻ ነበር። እናቴም ይህን ታውቃለች፤ ቃል ግን ቃል ነው።

መስቀል አለፈ። በማግሥቱ እናቴ በርሜሎቿን ልትረከብ ራሷ ወደ ሐይቁ ወረደች። አባቴ አልተከራከረም።

"ከማፍረሴ በፊት አንዴ ብቻ ተቀመጪበት" አላት።

ይህን ያህል ዘመን ባሕር ዳር ስትኖር ሐይቁ ላይ ወጥታ አታውቅም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች። ደንገሉ ጫፍ ስንደርስ ክሩን አስያዝናት። ከፍርሃቷ ብዛት ንቅንቅ አላለችም፤ አባቴንም እጁን ጨብጣ ሳንቃው ላይ አስቀመጠችው። በርሜሎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ።

ጥቂት ቆይቶ ክሩ ተወጠረ።

"የሆነ ነገር እየጎተተኝ ነው" አለች በቀስታ።

"ሳቢው" አላት አባቴ።

"አንተ ሳብ።"

"ልነሣ?"

"እንዳትነሣ።"

እንደ ተቀመጠች ሳበችው። መዳፍ የምታህል ቀረሶ ነበረች። አባቴ ከመንጠቆው አላቀቃትና ጥቂት አያት።

"ያጠመድሽው አንቺ ነሽ" አለ። "እኔ ተሸንፌአለሁ፤ በርሜሎችሽን አወጣልሻለሁ።"

እናቴ ዓሣዋን አየች፣ እሱን አየች።

"ይቺ ለማን ትበቃለች?" አለችው። "ይልቅ ትሉን አቀብለኝ።"

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውኃ የሚጠራቀመው በጀሪካን ነው። የበርሜሎቹ ክርክር ያለቀው በዚያው ዕለት፣ መስከረም 18 ቀን ነበር።