ራዚያና ቀሚስ የለበሰው በር

ሐይቅ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ዓሣ እጠብሳለሁ፤ ትሁን እባላለሁ። ዓሣ አራጅ አይፈልግምና እስላሙም ክርስቲያኑም ከእኔው መጥበሻ ይበላል፣ አፉን ይጠርጋል፣ ወደ አውቶቡሱ ይመለሳል። አንዳንዱ ግን ወደ አውቶቡሱ ከመመለሱ በፊት ጎን ወዳለው የቆርቆሮ አጥር ይሮጣል። ሰው በእኔ ዓሣ ያሳብባል፤ ውሸት ነው! ከደሴ ጀምሮ ይዞት የመጣ ነው። ለማንኛውም፣ ከአጥሩ ጀርባ ያለችው ራዚያ ናት፤ ዛሬ የማወራችሁም የእሷን ነገር ነው።

ራዚያ ቁመቷ አጭር ነው፤ ድምፅዋ ግን ከሐይቁ ማዶ ይሰማል። ልጇን ሰሚሃን ገና በጨቅላነቷ እህቷ ዘንድ ትታ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖረች። ስትመለስ ልጅቷ "ይህች ሴትዮ ማን ናት?" ብላ ከአክስቷ ጀርባ ተደበቀች። ያን ቀን ራዚያ "ወላሂ፣ ሁለተኛ ባሕር አልሻገርም" ብላ ማለች። ከዚያ ይዛ በመጣችው ጥሪት፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው የአባቷ ቦታ ላይ ሽንት ቤት ሠራች። ከተማው ሳቀባት። ከአረብ አገር የሚመጣ ሁሉ ቡቲክ ይከፍታል፣ እሷ ጉድጓድ አስቆፈረች። እኔም ስቄያለሁ፤ ቸኮል ሲለኝ ግን የምሄደው እሷው ዘንድ ነው።

ጊዜው ለውጡ የመጣ ሰሞን ነበር፤ ሁሉ ነገር ሊለወጥ ነው ተብሎ ከተማው በስብሰባ ይታመሳል። የራዚያ ቤት በወግ የተሠራ ነበር፦ በግራ የወንድ፣ በቀኝ የሴት፣ መሐሉ በእንጨትና በቆርቆሮ የተከለለ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ሁላችንም ቤታችንን ጥለን ሸሸን። ስንመለስ የእኔ መጥበሻ የለም፤ የእሷ መከለያ የለም። ተዋጊዎቹ እንጨቱን ማግደውታል፣ ቆርቆሮውን ለምሽግ ወስደውታል። "መጥበሻሽን የወሰዱት ይሁን፤ የሽንት ቤት ግድግዳ የሚዘርፍ ግን ምን ዓይነት ፍጡር ነው?" ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ቤቱ ተዘርፎ እንዲህ የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ተናደድሁባት፤ ኋላ አብሬያት መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ።

መከለያው ሲጠፋ የወንዱና የሴቱ ግቢ አንድ ሆነ፤ ሰልፉም አንድ ሆነ። ራዚያ ዘዴ አላጣችም። ሴት ስትገባ ነጠላዋን ወይም ሻሿን በክፍሉ በር ላይ ታንጠለጥላለች፣ ወንድ ሲገባ ዱላውን በሩ ላይ ያስደግፋል። ዱላ የሌለው የከተማ ልጅ ካለ ራዚያ የራሷን ታውሰዋለች። ማንም አልከፋውም። እንዲያውም እዚያ ሰልፍ ላይ ተዋውቀው የተጋቡ አሉ፤ ሠርጋቸው ላይ ራዚያ በክብር እንግድነት ተጠርታ ከሙሽሮቹ ጎን ተቀምጣለች። የት እንደተዋወቁ ሲጠየቁ "መናኸሪያ" ይላሉ።

ታዲያ ጳጉሜን ላይ ደንብ አስከባሪው ኃይለ ኢየሱስ አዲስ መመሪያ ይዞ ብቅ አለ። ማንኛውም የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ለወንድና ለሴት በተለያየ በር ይለይ፤ ማንበብ የማይችል ሰው ጭምር የሚረዳው ግልጽ ምልክት ይኑረው፤ ካልሆነ ይታሸግ ይላል። ኃይለ ኢየሱስ ክፉ ሰው አይደለም። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ጨዋ ልጅ ነው። "እህቴ ራዚያ፣ እኔ አላወጣሁትም" እያለ ነው ያነበበላት። እስከ ግሸን ማርያም ዋዜማ ድረስ ጊዜ ሰጣት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳቋ ቀነሰ። ቤቱ ከታሸገ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ጅዳ የሚልከው ደላላ ስልክ ይደውላል፤ ድሮ ጆሮው ላይ ትዘጋበት የነበረችው ሴት አሁን ታዳምጠው ጀመር። ሰሚሃ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ናት። እናቷ ስልኩን ይዛ ወደ አጥሩ ጥግ ስትሄድ ከኋላ ከኋላዋ ትላለች።

"እማ፣ ምን አለሽ?"

"ምንም።"

"ትሄጃለሽ?"

"ውሃውን ቅጂ።"

መልሷ ይኸው ነው። እኔም አንድ ቀን ጠየቅኋት። "ከታሸገብኝ ምን ልብላ ትሁንዬ፣ ያንቺን ዓሣ?" አለችኝ። ሳቅሁላት፤ ከልብ ግን አልነበረም።

እጅ አጣጥፈን አልተቀመጥንም። ከተፈናቃዮች መጠለያ የተረፈ ሸራ ለምነን ግቢውን መሐል ለመሐል ከለልነው፣ ግራና ቀኝ በር አወጣንለት። ለምልክቱ ሱሩርን ጠራነው። ሱሩር ባጃጅ ላይ አንበሳና ንስር የሚሥል ጎረምሳ ነው፤ ደሴ አንድ ትልቅ ሆቴል ገብቶ አይቷልና ነገሩን እኔ አውቀዋለሁ አለ። በግራው በር ላይ ሱሪ የለበሰ ሰው ሣለ፤ በቀኙ በር ላይ ቀሚስ የለበሰ። ሁለቱም ፊት የላቸውም፣ ፀጉር የላቸውም፣ ራሳቸው ድንች ነው።

"ምነው ዓይን እንኳ ብታወጣላቸው?" አልሁት።

"ዓለም አቀፍ ነው" አለኝ።

ዓለም አቀፍ ከተባለ ምን ይባላል!

ዋዜማው አርብ ዋለ። ቆቦ አካባቢ ገና ተኩስ አለ እየተባለ የግሸን መንገደኛ አልቀረም፤ አውቶቡስ በአውቶቡስ ላይ ይገባል። በዚያ ላይ ጁምዓ ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ ወገን ያሉ አባቶች ለሶላት ወርደው፣ ውዱ ለማድረግ፣ እጅ እግራቸውን ለመታጠብ፣ ወደ ራዚያ መጡ። ከፊት ሼህ ሀምዱ ነበሩ፤ አዲስ ሽርጥ ሸርጠዋል። ሁለቱን ሥዕሎች አዩ፣ የራሳቸውን ሽርጥ አዩ፣ ከዚያ ምንም ሳያመነቱ ቀሚስ ወደለበሰው በር አመሩ። ሽርጥ የሸረጠ ሁሉ ተከተላቸው።

ቀጥለው አባ መልከ ጼዴቅ መጡ። ሴት በማይገባበት ገዳም ኖረው ያረጁ መነኩሴ ናቸው፤ ቀሚሳቸው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ይደርሳል። እሳቸውም ሥዕሎቹን አይተው ከሼህ ሀምዱ ጀርባ ተሰለፉ።

"አባ! አንቱም እዚህ ነዎት?" አሉ ሼህ ሀምዱ።

"ታዲያ የት ልሁን? ያ በወዲያ ያለው እኮ ሱሪ ነው የለበሰው። የከተማ ልጅ ነው።"

ተስማምተው ስለ ዘንድሮው ማሽላ ማውራት ያዙ። በዚህ መሐል ከአዲስ አበባ የመጣ አውቶቡስ ቆመ። ሴቶች ልጆች ተንጋግተው ወረዱ፤ ለመንገዱ ጂንስ ሱሪ ለብሰው ነጠላ ጣል አድርገዋል። ሱሪውን አይተው በግራ ገቡ። ከሌላው አውቶቡስ ደግሞ ረጅም ቀሚስ የለበሱ እናቶች ወረዱና ቀሚሱን አይተው በቀኝ ገቡ። ወዲያው ከወዲህ "ኡኡ!"፣ ከወዲያ "ውጣ አንተ ባለጌ!" ሆነ። አንዲት እናት ሸራውን ገልጣ ስትገባ ከአባ መልከ ጼዴቅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። አባ "በስመ ሥላሴ!" ብለው ፊታቸውን በቀሚሳቸው እጅጌ ሸፈኑ፤ እናትየዋ ግን ከልማድ ይሁን ከድንጋጤ ጎንበስ ብላ "አባ፣ ይፍቱኝ" አለች። በግራው በር አንድ ወጣት ጫማ ሲከተለው እየሮጠ ወጣ።

ሱሩር ራሱን ይዞ ደረሰ። "ሼህ፣ ያ የሴት ነው! ቀሚስ ነው እኮ የለበሰችው!"

"ቀሚስ?" አሉ ሼህ ሀምዱ ተቆጥተው። "ታዲያ አባ የለበሱት ምንድን ነው?"

ሱሩር አባን ከላይ እስከ ታች አየ። ከዚያ ዞሮ ሥዕሉን አየ።

ራዚያ የአጥሩን ቋሚ አቅፋ፣ እንባዋ እየወረደ፣ እስክስታ እንደሚመታ ሰው ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ትስቃለች። እኔ ማንኪያዬን ዘይት ውስጥ ጥዬ ሳቅሁ። ኃይለ ኢየሱስ የመጣው ይኼኔ ነው። መጀመሪያ እኔ ዘንድ ተቀምጦ፣ "ዓሣ ጾም ነው" ብሎ ከራሱ ጋር ተከራክሮ፣ በልቶ የጨረሰ ነው። በአንድ እጁ ማሸጊያውን ይዟል፤ ሌላው እጁ ቀበቶው ላይ ነው። ወደ ግራ ሮጠ፤ ጂንስ ለባሾቹ አባረሩት። ወደ ቀኝ ሮጠ፤ እናቶቹ ጮኹበት። መሐል ቆሞ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ እግሩ ይዘላል። ከእኔ ዓሣ አይደለም፣ አሁንም እናገራለሁ።

"ራዚያ!" አለ ፊቱ በላብ እንደታጠበ። "ይኼ... ይኼ መለየት ነው? አሽገዋለሁ!"

ራዚያ ማሸጊያውን ስታይ ሳቋ ተቋረጠ። ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ወጣችበት።

"ስሙ!" አለች። መናኸሪያው በሙሉ ሰማ። "ሥዕሉን ተዉት! ሴት በቀኝ፣ ወንድ በግራ! አንቺ እቴ፣ ሱሪሽን እንደለበስሽ በቀኝ! አባ፣ ቀሚስዎን ይዘው በግራ! ሼህ ሀምዱ፣ አላህ ሽርጥዎን ያዝልቅልዎ፣ በግራ! አንተም ኃይለ ኢየሱስ፣ ምን ያስጨፍርሃል? በግራ፣ ግባ ቶሎ!"

ሰዉ እህል በወንፊት እንደሚለይ ተለየ። ኃይለ ኢየሱስ እየሮጠ "እህቴ፣ እባክሽ ያዢልኝ" ብሎ ማሸጊያውን ለራዚያ አስጨበጣትና ገባ።

ሲወጣ ሌላ ሰው ሆኖ ወጣ። የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ እንኳ ፈትቷል። ማሸጊያውን ከእጇ ተቀበለና ግራ ቀኙን አየ።

"ወንድና ሴቱስ ተለይቷል" አለ። "ምልክቱ ግን..."

"ማንበብ የማይችል የሚረዳው ይሁን አላልህም?" አለች ራዚያ። "እኔን ያልተረዳኝ አለ?"

"የለም!" አለ ሰልፉ በሙሉ።

"እኔ ጆሮዬ ከከበደኝ ቆየ" አሉ አባ መልከ ጼዴቅ። "እሷን ግን ሰምቻታለሁ።"

ኃይለ ኢየሱስ አሰበ፣ አሰበ። "እሺ፤ ምልክቱ አንቺ ነሽ" አላት። "ግን ምልክት ዛሬ ታይቶ ነገ አይጠፋም። ነገም፣ ከርሞም እዚሁ ነሽ? ካልሆንሽ ንገሪኝና አሁኑኑ ላሽገው።"

ሰው ሳቀ። ራዚያ አልሳቀችም። ውሃ የሞላ ጀሪካን ተሸክማ በሩ ላይ የቆመችውን ሰሚሃን አየች።

"አለሁ" አለች ራዚያ። ያ ከሐይቁ ማዶ የሚሰማው ድምፅ አጠገቧ ላለነው እንኳ በጭንቅ ነው የተሰማን።

"ጮክ በይ እማ!"

"አለሁ! የትም አልሄድም! ደላላውም ይስማኝ፣ ጅዳም ትስማኝ፣ አለሁ!"

ሰሚሃ ጀሪካኑን ወረወረችው፤ ውሃው መሬት ላይ ፈሰሰ። ሮጣ እናቷን ሳጥኑ ላይ እንደቆመች ጉልበቷን አቀፈቻት፤ ሳጥኑ ተንሸራተተ፣ ሁለቱም ሸራውን ይዘው እየተንከባለሉ ውሃው ላይ ወደቁ። ተነሡ ሲባሉ አልነሣ አሉ፤ እዚያው ተቃቅፈው በጭቃ ተለውሰው ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ። እኔም አለቀስሁ፣ ምን እደብቃለሁ። ሱሩርም አልቅሷል፣ እሱ ግን ስለ ሥዕሉ ነው።

"ልጆቼ፣ ደስታችሁ ደስታችን ነው" አሉ አባ መልከ ጼዴቅ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ከሼህ ሀምዱ ጀርባ እንደቆሙ። "ግን የወደቃችሁት በሩ ላይ ነው።"